በባሕሩ ዳር የቀረች ባዶ ክብ

የዓለምዘርፍ ባሕር አይታ አታውቅም ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል። እንዴት አይስቅ፤ ሴትዮዋ ከወጣትነቷ ጀምራ የኖረችው የባሕር ዳርቻ እየሣለች ነው። መጀመሪያ አዲስ አበባ በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት፣ ኋላም ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ በምትባለው ከተማ፣ ከኪንግ ስትሪት ባቡር ጣቢያ ወጥቶ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሲወረድ፣ ከአንድ ጫማ መደብር በላይ ባለ ሰፊ ክፍል ውስጥ። የክፍሉ ጌታ ሚስተር ፔክ የሚባል ረጅም፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው፤ የካርታ ሥራ በኮንትራት እየወሰደ ከጥቂት ሠራተኞቹ ጋር ይሠራል። በሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ የያዙት ትልቁ ሥራ የጥንት ሮማውያን የመንገድና የባሕር ዳር ጣቢያዎች ካርታ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮማውያን በየመንገዳቸው፣ መንገደኛ ውሎ በሚደርስበት ርቀት፣ የሚታደርበት፣ ፈረስ የሚቀየርበት፣ ውሃ የሚቀዳበት ቦታ ነበራቸው። በባሕሩም ዳር እንደዚሁ መርከብ መልሕቅ ጥላ የምታርፍበት ነበራቸው። የየጣቢያውን ስምና ከአንዱ እስከ ሌላው ያለውን ርቀት ጽፈው ያለፉ ሰዎች አሉ። ስሙ ተርፏል፣ ርቀቱም ተርፏል፤ ብዙውን ቦታ ግን አሸዋ በልቶታል። ይህን አጥንቶ ለሚስተር ፔክ የሚልክ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ነበር። የዓለምዘርፍ ፊቱን አታውቀውም፤ የምታውቀው በእርሳስ የሚጽፈውን ደቃቅ ጽሕፈቱን ብቻ ነው።

ቦታው በቁፋሮ የተገኘ ጣቢያ በካርታው ላይ ጥቁር ክብ ይሆናል። እዚህ አካባቢ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ የተቀመጠው ውስጡ ባዶ የሆነ ክብ ነው። ጨርሶ ተስፋ የተቆረጠበት ከካርታው ይወጣና ስሙ ብቻ ግርጌ ላይ ይቀራል።

የእሷ ድርሻ ስሞቹ ነበሩ። ስሞቹ በስስ ላስቲክ ላይ ታትመው፣ ጀርባቸው ሰም ተቀብቶ ይመጣሉ። አንድ በአንድ በምላጭ ትቆርጣለች፣ በወረንጦ ታነሳለች፣ ቦታቸው ላይ አሳርፋ በጥፍሯ ትጫናለች። ሰሙ ታዲያ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። አንድ ጊዜ የስፔን ከተማ በሹራቧ ክንድ ላይ ተለጥፎ እስከምትኖርበት እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ በባቡር ሄዶ፣ አድሮ በማግስቱ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ሚስተር ፔክ ማታ ማታ በሩ ላይ ቆሞ «ክርን» ማለት ጀመረ። ሁሉም ክርኑን አንስቶ፣ ታይቶ፣ ይወጣል። ጉምሩክ የሚያልፉ ይመስላሉ።

ዊተን በምትገኘው ቤተ ክርስቲያኗ ያሉ ምእመናን ስለዚህ ሥራዋ ስትነግራቸው ብዙም አይገርማቸውም ነበር። አንድ እሑድ ግን ከጉባኤው በኋላ «ሦስት ማደሪያ» የሚለውን ስም እንዳስቀመጠች ስትናገር የባሏ እኅት ባል ጋሽ ሠረቀብርሃን ጆሯቸውን አቀኑ።

«ወንድሞች ወጥተው ጳውሎስን የተቀበሉባት?»

«እሷው ናት።»

«አየሽ፣ እኔ ስም ብቻ ትመስለኝ ነበር እንጂ ቦታ ናት አላልኩም። ጥቁር ናት ባዶ?»

«ጥቁር።»

«ተመስገን» አሉ፤ ከልባቸው ነው።

የዓለምዘርፍ ባሏ ቢራቱ ዋቅጅራ ቀያሽ ነበር። እሱ ይለካል፤ እሷ ትሥላለች። የተዋወቁትም በዚሁ ነው። ከመስክ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ፣ ጢሙ አድጎ፣ ቦርሳውን ሳያወርድ ጠረጴዛዋ አጠገብ ይቆምና የሚሣለውን ሁሉ በጣቱ እየነካ ይነግራታል። «እዚህች ነጥብ ላይ ውሻ ነክሶኛል። እዚህ ደግሞ አንዲት ሴትዮ የግመል ወተት ሰጥታን ሆዴን አገላበጠው።»

«ታዲያ ይኼን በምን ምልክት ልሣለው?» ትለዋለች።

«አንቺ ብቻ እወቂው።»

እንዲህ እንዲህ ሲል ተጋቡ። የምትሥላቸውን አገሮች በእግሯ አልረገጠቻቸውም፤ በእሱ አፍ ግን ሁሉንም ታውቃቸዋለች፣ ከባሕር በቀር። ስለ ባሕር ጠይቃው ሊነግራት እምቢ አለ። «ባሕር አይነገርም። እኔ ራሴ ወስጄ አሳይሻለሁ። ከእኔ በፊት ሌላ ሰው እንዳያሳይሽ፣ ተግባባን?» አላት እየሳቀ። ተግባባን አለችው፣ እሷም እየሳቀች።

በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ከሁለት ረዳቶቹ ጋር ወደ ምጽዋ አካባቢ ለቅየሳ ወረደ። ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው። ከብዙ ወራት በኋላ ሁለቱ ረዳቶች በሌላ በኩል በእግራቸው ዞረው፣ ከስተው መጡ። ቢራቱ መሣሪያውን ጥዬ አልሄድም ብሎ ባሕሩ ዳር ቀርቷል፤ «እናንተ ቅደሙ፣ እኔ ነገ እደርሳለሁ» ብሏቸው ነበር። ከዚህ ሌላ የሚያውቁት የለም። ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። መርዶ ካልመጣ ለቅሶ አይቀመጡም፣ ለቅሶ ካልተቀመጡ ጥቁር አይለበስም፣ ያልተለበሰ ጥቁር ደግሞ የሚወልቅበት ቀን የለውም። የዓለምዘርፍ እንዲሁ ቀረች።

ወደ አሜሪካ ያመጧት የቢራቱ ታላቅ እኅት እትዬ ከበቡሽና ባላቸው ጋሽ ሠረቀብርሃን ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከእነሱ ቤት ብዙም የማይርቅ አፓርትመንት ተከራይታ ትኖር ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ በየክረምቱ አውቶቡስ ተከራይታ ምእመናኑን ወደ ኦሽን ሲቲ ትወስዳለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አትላንቲክ ነው። የዓለምዘርፍ አንዱን ዓመት ሥራ አለብኝ አለች፣ አንዱን ዓመት ራሷን አመማት፣ ከዚያ በኋላ የሚጠይቃት አልነበረም። የባሕሩን ቃል ለማንም አልነገረችም። እትዬ ከበቡሽን ግን እንደ ራሷ ትቆጥራቸው ነበር። እኔ ባሌን፣ እሳቸው ወንድማቸውን፤ ሁለት ሆነን እየጠበቅን ነው ትል ነበር በልቧ።

ልሳነወርቅ ወደ ጉባኤው የመጣው በኋላ ነው። ክሪስታል ሲቲ በሚባለው ሰፈር የሕንፃዎችን ሊፍትና ማሞቂያ የሚጠግን፣ ሚስቱን በሕመም ያጣ፣ ሃምሳን የነካ ሰው ነው። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት «ሰው በፎቅና በፎቅ መሀል እንዳይቀር መጠበቅ» ይላል። አንድ የብርድ ወቅት የዓለምዘርፍን ማሞቂያ ጠገነላት፤ ሻይ ጠጥቶ፣ ምንም ሳይል ሄደ። በሚቀጥለው እሑድ ሁለት ወንበር ከኋላዋ ተቀመጠ፤ ከዚያም ወዲህ ቦታው እዚያው ሆነ። እሷም ዞር ሳትል መኖር አለመኖሩን ማወቅ ጀመረች። ይህ ነገር አስደነገጣት።

ነገሩ የሆነው በአንድ የሚያዝያ ቅዳሜ ነው። ካርታው የሚረከብበት ቀን ስለተቃረበ ቅዳሜም ሥራ ነበረባት። ሰማዩ ገና ግራጫ ሳለ፣ ሹራቧን እየለበሰች በመስኮት ወደ ታች ብታይ የጋሽ ሠረቀብርሃን መኪና ቆሟል። ጋሽ ሠረቀብርሃን ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ወረዱ። እትዬ ከበቡሽ ነጠላቸውን ደርበው ወረዱ። ከኋላ ወንድም በፈቃዱ፣ የጉባኤው ሽማግሌ፣ በሙሉ ልብስና በክራባት ወረደ። ሦስቱም ሳይነጋገሩ ወደ ሕንፃው መጡ።

በዚህ ሰዓት፣ ሦስት ሆኖ፣ ለብሶ፣ ዝም ብሎ የሚመጣ ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ አበሻ የለም።

የዓለምዘርፍ ጉትቻዎቿን አወለቀች። የሶፋውን ትራስ ወደ ጥግ ገፋች። ነጠላዋን የለቅሶ አድርጋ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ አጣፋች። በሩን ከፈተችና ባዶው ወለል ላይ ተቀመጠች። ደረታቸው ላይ የኖረ ድንጋይ የሚነሳላቸው ሰዎች እንደሚሆኑት፣ አንድ ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ወጣላት። እንባው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

እትዬ ከበቡሽ ደጃፉ ላይ ደርሰው አዩዋት። ወለሉን አዩ፣ ነጠላዋን አዩ፣ ባዶ ጆሮዎቿን አዩ። «ወንድሜ» አሉ። አጠገቧ ወድቀው አቀፏት። ሁለቱ ሴቶች እየተወዛወዙ፣ እየተቀባበሉ አለቀሱ። ጋሽ ሠረቀብርሃን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያለቅሱ ጀመር። ስንቱን ለቅሶ ቤት ሄዶ «ተስፋ እንደሌላቸው አናልቅስ» ብሎ ያስተማረው ወንድም በፈቃዱ እንኳ በክራባቱ ጫፍ ዓይኑን ይጠርግ ነበር። ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን ሁለት ጊዜ ደበደበ። የሰማው የለም።

ድምፃቸው ሲደክም የዓለምዘርፍ ቀና አለች። «ማን ነገረዎት፣ እትዬ?»

«እኔን? እኔን ማንም አልነገረኝም። አንቺን ማን ነገረሽ? ኮል ያደረገልሽ ሰው አለ?»

«ኧረ ማንም። እናንተ ናችሁ እንጂ የመጣችሁት።»

«እኛማ...» አሉ እትዬ ከበቡሽ፤ ባላቸውን አዩ። ጋሽ ሠረቀብርሃን ወንድም በፈቃዱን አዩ። ወንድም በፈቃዱ የሚያየው ሰው አጣ።

«እኅቴ» አለ በመጨረሻ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። «እኛ የመጣነው ለመርዶ አይደለም። ወንድም ልሳነወርቅ ልኮን ነው።»

«ምን ብሎ?»

«ለትዳር።»

የላዩ ጎረቤት ቧንቧ ሲከፍት ይሰማ ነበር።

«በዚህ ሰዓት?» አለች የዓለምዘርፍ።

«ቅዳሜ ሥራ ትገባለች ስላሉን፣ ሳትወጪ እንድረስ ብለን ነው።»

«እኔ ተናግሬ ነበር» አሉ ጋሽ ሠረቀብርሃን ከግድግዳው ሳይዞሩ። «በጠዋት ሦስት ሆነን ከመኪና ስንወርድ ሰው ምን ይላል ብዬ ነበር።»

«መቼ ተናገርክ?» አሉ እትዬ ከበቡሽ እንባቸውን እየጠረጉ። «ፓርኪንግ እናጣለን ነው ያልከው።»

የዓለምዘርፍ ሳቀች። ሳታስበው፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ ሳቀች። እትዬ ከበቡሽም ተከተሏት፤ ከዚያ ሳቁ ቆመና ነጠላቸውን አስተካክለው እጇን ያዙ።

«እኔ ነኝ ልምጣ ያልኩት። የቢራቱ እኅት ምን ትለኛለች እንዳትዪ ነው። ከእኔ አፍ እንድትሰሚው። ልጅ ነሽ፣ ኑሪ።»

የዓለምዘርፍ ወደ እሳቸው ዞረች። «እርስዎ መጠበቅ ያቆሙት መቼ ነው?»

«እንጃ።» እትዬ ከበቡሽ ወለሉን በጣታቸው ደባበሱ። «ታውቂያለሽ፣ እኛ የምንጸልየው በሕይወት ላለ ነው። በየማታው ስሙን እየጠራሁ መልሰው እል ነበር። አንድ ማታ ሳልጠራው አሜን አልኩ። ደክሞኝ ነው ብዬ ተኛሁ። በማግስቱም ሳልጠራው አሜን አልኩ። እንደዚያ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ግን አለቀስኩት። እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ዛሬ አለቀስኩት።»

የዓለምዘርፍ እጇን አልነጠቀችም። ሁለት ነን ብላ ስትቆጥር እንደኖረችና ብቻዋን እንደነበረች ግን በዚያች ሰዓት ገባት። ራሷንም የምትጠይቀው ጥያቄ ነበራት፤ ወለሉ ላይ ሆና ስትጠብቃቸው ስለወጣላት ስለዚያ ረጅም ትንፋሽ። ለማንም አልተናገረችም። መልሱን ለራሱ ለልሳነወርቅ እነግረዋለሁ ብላ ሸኘቻቸው፣ ጉትቻዎቿን አደረገች፣ ሥራ ገባች፤ ዘገየች።

ሰኞ ጠዋት ከፕሮፌሰሩ የመጣ ማረሚያ ጠረጴዛዋ ላይ ጠበቃት። የቀይ ባሕሩ ካርታ ሉሕ ነው። ከግብፅ ወደቦች ወደ ደቡብ፣ ዳርቻው ባዶ እየሆነ በሚሄድበት ቦታ፣ አንዲት ጣቢያ ነበረች። ትርጉሟ መልካም ውሃ ማለት ነው ብሎ ፕሮፌሰሩ አንድ ጊዜ በጠርዙ ላይ ጽፎ ነበር። ባዶ ክብ ናት። የዓለምዘርፍ ባለፈው በጋ ስታስቀምጣት ከሌሎቹ ይልቅ ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠቻት፤ በሉሑ ላይ ቢራቱ ለቀረበት ዳርቻ ከእሷ የሚቀርብ የለም። አሁን ማረሚያው «ተስፋ የለም፤ ይውጣና ወደ ግርጌ ይውረድ» ይላል።

ምላጩን ወስዳ የስሙን ጫፍ ቀስ ብላ አነሳች። ስሙ እሺ ብሎ ተነሳ። ክቧን ልታነሳ ስትል ሚስተር ፔክ ከመስኮቱ «ጓደኛሽ ታች ነው» አላት። ልሳነወርቅን በምሳ ሰዓት ና ብላው ነበር፤ ከክሪስታል ሲቲ በባቡር ቅርብ ነው። ምላጩን አስቀምጣ ወረደች።

ወንዙ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የቱና ሳንድዊች ገዝቶ መጥቶ ነበር፤ አንዱን ሰጣት።

«ሦስት ሰው ልኬ አስለቅሰውሽ መጡ» አለ። «እንዲህ ያለ ሽምግልና በዓለም ላይ የተደረገ አይመስለኝም።»

«ጥፋቱ ያንተ አይደለም።»

«ጋሽ ሠረቀብርሃንማ እስከ ዛሬ የሚያወሩት ስለ ፓርኪንጉ ነው።»

ሳቀች። እሱ የሳቀችውን አየና ወደ ውሃው ዞረ። «አንቺ ካርታ ታውቂያለሽ። ይኼ ወንዝ የት ይገባል?»

«ቼሳፒክ። ከዚያ ባሕር።»

«ተከትለነው ብንሄድስ? አንድ ቅዳሜ። መኪናዬ ጎማው አዲስ ነው።»

ያን ጊዜ ነገረችው። ለእትዬ ከበቡሽ ያልነገረችውን፣ የባሕሩን ቃል፣ ለእሱ ነገረችው። ሳያቋርጥ ሰማት። ሳንድዊቹን ጠቅልሎ አጠገቡ አስቀመጠ።

«እኅት የዓለም» አለ፣ «ባሕር እኮ ሰፊ ነው። እሱ የሚያሳይሽም፣ እኔ የማሳይሽም ይኖራል። እሱን ተዪ አላልኩሽም።»

ከዚህ የተሻለ ነገር ማንም ተናግሯት አያውቅም። ነፋሱ ከውሃው መጣ። ቀጥሎ ምን እንደምትል ራሷም አላወቀችም፤ እሺ ልትል እንደነበረ ግን ኋላ ብዙ ጊዜ አስባዋለች።

«ክርንሽ ላይ የሆነ ነገር አለ» አለ ልሳነወርቅ። በጥፍሩ ላጠው፣ ወደ ብርሃኑ ያዘውና ፊደል በፊደል አነበበ። «ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

«ቦታ ናት። ዛሬ አውጫት ተብዬ ነው።»

«ካልተፈለገችማ ትሂድ» ብሎ፣ እንደ ዋዛ ጣቱን ወደ ወንዙ ዘረጋ፣ ሊያራግፋት።

የዓለምዘርፍ እጅ ግን የእጁን አንጓ ይዞ ነበር። ከዚያ በፊት ነክታው አታውቅም። ሁለቱም እጇን አዩት። እሷም ልቀቅ ብትለው እጇ አልለቅም ያለ ይመስል ነበር።

ልሳነወርቅ በሌላ እጁ የጣቢያዋን ስም ከጣቱ ላይ አነሳና በሌባ ጣቷ ጫፍ ላይ ለጠፈላት። «ገባኝ» አለ። ጥቂት ቆይቶም፣ «ልጠብቅሽ እችላለሁ። ጊዜ አለኝ።»

«አትጠብቀኝ» አለችው። «መጠበቅን ማንም ላይ አልመኘውም። አንተ ላይማ...» ቃሉን አልጨረሰችውም።

እሱ አልተቆጣም። የሳንድዊቹን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ እስከ ካርታ ቤቱ ደጃፍ ሸኛት፣ ወደ ባቡሩ ሽቅብ ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ ከፊት፣ በስተግራ ተቀመጠ። በዓመቱ ሎረል ከተማ የምትኖር አንዲት ደግ ሴት አገባ፤ የዓለምዘርፍም ሠርጉ ላይ ነበረች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የጣቢያዋን ስም ከጣቷ ጫፍ ወደ ጠረጴዛ መብራቷ ክዳን ውስጥ አዛወረችው፤ ሙቀቱ ሰሙን እያለሰለሰ እንዲይዘው። በግርጌው ላይ የታዘዘውን ጻፈች። ክቧን ግን አላነሳቻትም። ምላጩን ይዛ ወደ እሷ ተጠጋች፣ ተመለከተቻት፣ ሉሑን ገልብጣ ቀጣዩን ሳበች። ማታ ሚስተር ፔክ በሩ ላይ «ክርን» አለ። አነሳች፤ ንጹሕ ነበር።

መጽሐፉ በሚቀጥለው ዓመት መከር ላይ ታትሞ ወጣ። ሚስተር ፔክ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ አንድ ሰጠ። የዓለምዘርፍ የራሷን ይዛ እሑድ እትዬ ከበቡሽ ቤት ሄደች፤ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ጋሽ ሠረቀብርሃን ሦስት ማደሪያን ፈልገው፣ አግኝተው፣ ጥቁር መሆኗን አረጋግጠው ሊያሸልቡ ገቡ። እትዬ ከበቡሽ መነጽራቸውን አድርገው ገጾቹን ቀስ እያሉ ይገልጡ ነበር። ቀይ ባሕር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ዳርቻውን በጣታቸው ከላይ ወደ ታች ተከተሉት። ስሞቹ እየሳሱ፣ እየሳሱ ሄደው አለቁ። ከዚያ በታች፣ ምንም በሌለበት፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ አንዲት ባዶ ክብ ነበረች።

«ይቺስ? ስም የላትም እኮ።»

«የላትም።»

«ረስተዋት ነው?»

«አልተረሳችም፣ እትዬ።»

እትዬ ከበቡሽ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ እንደገና ወደ ገጹ አጎነበሱ። ጣታቸው ክቧ ላይ ነበረ፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከዚያ አላነሱትም። ማታ በጸሎት ሰዓት፣ አሜን ከማለታቸው በፊት፣ የወንድማቸውን ስም ጠሩ።